የጊዛው ታላቅ ፒራሚድ፦ በየሁለት ደቂቃው አንድ ድንጋይ ማስቀመጥ ይቻላል?

ጠያቂ፦ መምህር ዘደሴ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ጥንታዊት ግብፅ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ የጻፍኳቸው ጥቂት ቁጥሮች ያልጠበቅሁትን ክርክር አስነሡ። ክርክሩን በአጥጋቢ መልስ ሳልዘጋው ስለ ተደወለ፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የምናገረውን አጣርቼ ለመያዝ ወደ እናንተ መጥቻለሁ።

ቁጥሮቹ በየመማሪያው የሚገኙ ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2560 ገደማ ለፈርዖን ኩፉ የተሠራው ፒራሚድ ሲጠናቀቅ 146.6 ሜትር ያህል ከፍታ ነበረው፤ የእያንዳንዱ ጎን የመሠረት ርዝመት 230 ሜትር ያህል ነው፤ 2.3 ሚሊዮን ያህል ድንጋዮች እንደ ገቡበትና አማካይ ክብደታቸውም 2.5 ቶን እንደሚሆን ይገመታል። አንዲት ተማሪ ይህን ደብተሯ ላይ ካሰፈረች በኋላ ስሌት ሠርታ እጇን አወጣች። ሥራው 20 ዓመት ከፈጀ በዓመት 115,000፣ በቀን 315 ድንጋይ መቀመጥ አለበት፤ በቀን ዐሥር ሰዓት ቢሠራ በሰዓት ከ31 በላይ ይሆናል፤ ይኸውም በዓል ሳይከበር፣ ዕረፍት ሳይወሰድ፣ ለ20 ዓመት በየሁለት ደቂቃው አንድ ድንጋይ ማለት ነው። «መምህር፣ የብረት መሣሪያ እንኳ ያልነበራቸው ሰዎች ይህን እንዴት አደረጉት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ በሦስት ተከፈለ። አንዳንዶቹ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ሥራ ነው አሉ፤ ይህን በስልካቸው በየዕለቱ ስለሚያዩት አልፈርድባቸውም። ሌሎቹ የኦሪት ዘፀአትን ታሪክ ጠቅሰው እስራኤላውያን በባርነት የሠሩት ነው አሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ ድንጋዮቹ ተፈልጠው የመጡ ሳይሆኑ እንደ ኮንክሪት እዚያው በቅርጽ የተሞሉ ናቸው የሚል ነገር አንብበዋል። እኔም ግብፃውያን ራሳቸው እንደ ሠሩት አስረግጬ ብናገርም፣ ለልጅቱ ስሌት ግን ተመጣጣኝ መልስ አልነበረኝም። «ሠርተዋል» ማለትና «እንዲህ አድርገው ሠሩት» ማለት ለየቅል መሆናቸውን በዚያች ደቂቃ በደንብ ተረድቻለሁ።

ስለዚህ ስለ ግንባታ የምታውቁ ስለ ስሌቱ፣ የጥንቱን ዘመን ያጠናችሁም ስለ ማስረጃው ብታስረዱኝ ታላቅ ውለታ ይሆንልኛል። በተለይ የማንሻ መንገዱን በተመለከተ የሚቀርቡት መላምቶች የትኞቹ እንደሆኑና በምን እንደሚደገፉ ማወቅ እፈልጋለሁ።


መልስ፦ የግንባታው ሰው

መምህር፣ በቅድሚያ ልጅቱን ያመስግኑልኝ። ቁጥር ሲሰጣት ዝም ብላ ከመቀበል ይልቅ አካፍላ ያየች ተማሪ ጥሩ መሐንዲስ ይወጣታል።

ስሌቷ ትክክል ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ከስሌቱ በኋላ በዐይነ ኅሊናችን በምንስለው ሥዕል ነው። «በየሁለት ደቂቃው አንድ ድንጋይ» ሲባል ድንጋዮቹ በአንድ በር ተራ ጠብቀው አንድ በአንድ ሲገቡ ይታየናል። የመጀመሪያው የድንጋይ ድርድር ግን 230 በ230 ሜትር፣ ማለትም ከ5 ሄክታር በላይ የሆነ ሜዳ ነው። በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ ጓዶች አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያደናቅፍ በየአቅጣጫው ድንጋይ ሊያስቀምጡ ይችላሉ። ሠላሳ ጓዶች በተለያየ ቦታ ቢሠሩ እያንዳንዱ ጓድ በሰዓት አንድ ድንጋይ ማስቀመጥ ብቻ ይበቃዋል፤ ይህ ደግሞ የማይቻል ፍጥነት አይደለም።

ሁለተኛውና እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው ነጥብ የፒራሚድ ቅርጽ ራሱ ነው። ፒራሚድ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ስለሚጠብ ድንጋዩ የሚከማቸው ታች ነው። የሒሳብ መምህር ባልደረባዎን ቢጠይቁ በቀላሉ ያረጋግጡልዎታል፦ ከጠቅላላው ይዘት ግማሹ ከመሬት እስከ 30 ሜትር ባለው ክፍል ውስጥ ያልቃል፤ ከፍታው አንድ ሦስተኛ ላይ፣ ማለትም 49 ሜትር ላይ ሲደረስ 70 በመቶው ተጠናቅቋል፤ እኩሌታው ከፍታ ላይ ሲደረስ ደግሞ ከስምንት እጅ ሰባቱ ተሠርቶ የቀረው አንድ እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚጨነቅበት «እስከ 146 ሜትር እንዴት አወጡት?» የሚለው ጥያቄ በእርግጥ የሚመለከተው ጥቂቱን ድንጋይ ነው። አብዛኛው ድንጋይ የወጣው ከዛሬ ባለ ዐሥር ፎቅ ሕንፃ እምብዛም ወደማይበልጥ ከፍታ ነው።

አሁን ወደ ጉተታው እንምጣ። 2.5 ቶን የሚመዝን ድንጋይ በእንጨት መንሸራተቻ ላይ ተጭኖ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ይጎተታል እንበል። የፍትጊያውን መጠን የክብደቱን 0.3 እጅ ብወስድ፣ ለፍትጊያው 750፣ ለዳገቱ 200፣ በድምሩ 950 ኪሎ ግራም ያህል የመሳብ ኃይል ያስፈልጋል። አንድ ሰው በ40 ኪሎ ግራም ቢስብ 24 ሰው ይበቃል። በሰዓት 32 ድንጋይ እንዲደርስ ከተፈለገና አንድ ጓድ ለመሄጃና ለመመለሻ ሁለት ሰዓት ከፈጀበት 64 ጓዶች፣ ማለትም ከ1,500 ጥቂት የሚበልጡ ጎታቾች ይበቃሉ። ፈላጮች፣ ጠራቢዎች፣ ውኃ አመላላሾች፣ ጀልባ ነጂዎች፣ ጋጋሪዎችና አናጺዎች ሲጨመሩ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ ያድጋል፤ ያም ሆኖ በአንድ አገር አቅም ውስጥ የሚገባ ነው።

ስለ መወጣጫው፣ በእኛ ሙያ ራምፕ ስለምንለው፣ የሚቀርቡት መላምቶች ብዙ ናቸው። አንደኛው እስከ ጫፍ የሚደርስ አንድ ቀጥ ያለ ራምፕ ነው። በ8 በመቶ ዳገት እስከ 146 ሜትር ለመድረስ ራምፑ ከ1.8 ኪሎ ሜትር በላይ መርዘም ስላለበትና ግዝፈቱም ከራሱ ከፒራሚዱ ጋር የሚወዳደር ስለሚሆን፣ በዚህ መልኩ ብቻውን አይታመንም። ሌሎች ፒራሚዱን እንደ እባብ እየዞረ የሚወጣ ጠመዝማዛ ራምፕ ያስባሉ። የዚህ ችግር ሁለት ነው፤ አንደኛ ረጅም የጎታቾች ሰልፍ ማዕዘን ላይ ሲደርስ መታጠፍ አለበት፤ ሁለተኛ ማዕዘኖቹ ከተሸፈኑ ቀያሹ መስመሩ አለመጣመሙን በዐይኑ ሊያነጻጽር አይችልም፤ በአራቱም ጠርዝ ጥቂት ጣት የሚያህል መዛነፍ ከላይ ሲደርስ ጫፉ እንዳይገጥም ያደርገዋል። በአንድ ወገን እየተመላለሰ የሚወጣ ራምፕ፣ እንዲሁም ለላይኛው ክፍል ድንጋይን በመፈንቀያ እንጨት እያነሡ ከሥሩ እየደገፉ ደረጃ በደረጃ ማውጣት የሚሉም አሉ።

የእኔ ፍርድ ቅይጥ ነው። ለታችኛው ክፍል ድንጋዩ በሚፈለጥበት በካባው አቅጣጫ ሰፊና ቀጥ ያለ ራምፕ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የፒራሚዱን ጎኖች የተደገፈ ጠባብ መንገድ፣ ጫፉ አካባቢ መፈንቀያ። አንድ ግንባታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ዘዴ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ያ ግንባታ ትንሽ ነው።

መምህር ስለሆኑ አንድ ደስ የሚልዎትን ነገር ልጨምር። ከኩፉ ከ1,200 ዓመት በላይ ቆይቶ ራምሴ የተባሉ ፈርዖኖች በነገሡበት በራምሴሳውያን ዘመን የተጻፈ አንድ ፓፒረስ አለ፤ ሆሪ የተባለ ጸሓፊ የሙያ ባልደረባውን በፈተና ጥያቄዎች የሚሞግትበት ደብዳቤ ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ የራምፕ ስሌት ነው፦ 730 ክንድ የሚረዝም፣ 55 ክንድ የሚሰፋ፣ 60 ክንድ ከፍ የሚል፣ በሸምበቆና በእንጨት የሚሞሉ 120 ክፍሎች ያሉት ራምፕ ለመሥራት ስንት ጡብ ያስፈልጋል? ይላል። 60ን ለ730 ብናካፍል ዳገቱ 8.2 በመቶ ነው። የግብፅ ንጉሣዊ ክንድ 52 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ 60 ክንድ 31 ሜትር ይሆናል። ይህን ከፍታ ወደ ኩፉ ፒራሚድ ብናመጣው ከጠቅላላው ይዘት ግማሹን ይሸፍናል።


መልስ፦ ከጊዛ ማዶ

መምህር፣ እኔ ካይሮ የምኖር የአርኪዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ወንድሜ የግንባታው ሰው ስሌቱን በሚገባ ስላስረዱ ወደ ማስረጃው ልለፍ፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ላይ በብዛት የሚነገረው «ምስጢር ነው» የሚለው ቃል ባለፉት ሠላሳ ዓመታት የተገኘውን ሁሉ የሚሸፍን መጋረጃ ሆኗል።

ከሁሉ ታላቁ ግኝት የአንድ ሠራተኛ የሥራ መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በፈረንሳዊው ፒየር ታሌ የሚመራ ቡድን ዋዲ አል-ጀርፍ በተባለ የቀይ ባሕር ዳርቻ ላይ፣ በኩፉ ዘመን ወደብ በነበረ ቦታ፣ የፓፒረስ ቁርጥራጮችን አገኘ። ጽሑፍ ካለባቸው ከሚታወቁት ፓፒረሶች ሁሉ ቀዳሚዎቹ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ሜረር የተባለ፣ 40 ያህል ሰዎችን የሚመራ ኃላፊ የዕለት መዝገብ ይገኛል። ሜረር ሰዎቹን ይዞ ከናይል ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከቱራ ካባ፣ የኖራ ድንጋይ በጀልባ እየጫነ ወደ ጊዛ ያደርሳል፤ ያራግፋል፤ ይመለሳል። በዐሥር ቀን ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይመላለስ ነበር። የት እንዳደረ፣ መቼ እንደ ጫነ፣ መቼ እንደ ተነሣ ቀን በቀን ተጽፏል። ፒራሚዱም በጊዜው ስሙ «አኸት ኩፉ»፣ «የኩፉ አድማስ» ተብሎ ተጠርቷል። ይህን ለተማሪዎችዎ ሲነግሩ አንድ ነገር አጥብቀው ይንገሩልኝ፤ ይህ ጽሑፍ ከሺህ ዓመት በኋላ የተጻፈ ተረት ሳይሆን በኩፉ የመጨረሻ ዓመታት፣ ሥራው ገና እየተካሄደ ሳለ፣ ሥራው ላይ በነበረ ሰው የተጻፈ ነው።

በመዝገቡ ውስጥ አንኽሃፍ የተባለ ባለ ሥልጣን ተጠቅሷል፤ የኩፉ የአባት ልጅ ሲሆን ጀልባዎቹ የሚያርፉበት የውኃ መግቢያ በእርሱ ሥር ነበር። አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች ቦስተን ወደሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ብትሄዱ ከኖራ ድንጋይ የተቀረጸውን የአንኽሃፍን ፊት ታያላችሁ። በዕድሜ የገፋ፣ ከዐይኑ ሥር የተሸበሸበ፣ ሐሳብ የበዛበት ሰው ፊት ነው። እኔ በምስል ባየሁት ቁጥር የዚያ ሁሉ ድንጋይ ሸክም በፊቱ ላይ ያረፈ ይመስለኛል።

ውኃው የሥራው ግማሽ ነበር ማለት ይቻላል። በክረምት ናይል ሲሞላ ውኃው ወደ በረሃው ጠርዝ ስለሚቀርብ ጀልባዎች በቦይ አልፈው ከጊዛ ኮረብታ ሥር ይደርሱ ነበር። ይህ ሙላት በአብዛኛው ከእኛ ደጋ፣ በዓባይና በተከዜ በኩል የሚወርደው የክረምት ዝናብ ነው፤ በጎጃምና በሰሜን ተራሮች የዘነበው ውኃ ከሳምንታት በኋላ የቱራን ድንጋይ ተሸክሞ ጊዛ ያደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 በግብፃዊቷ ተመራማሪ ኢማን ጎኔም የሚመራ ቡድን ከጊዛ እስከ ሊሽት 31 ፒራሚዶች የተደረደሩበትን፣ 64 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የደረቀ የናይል ቅርንጫፍ ከሳተላይት ምስልና ከምድር ናሙና አረጋግጦ አሳትሟል። ፒራሚዶቹ ዛሬ ከወንዙ ርቀው በረሃ ጠርዝ ላይ የቆሙት ወንዙ ስለ ሸሻቸው ነው።

ስለ ሠራተኞቹም እናውቃለን። አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ማርክ ሌነር እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከስፊንክሱ በስተደቡብ የቆፈረው ሰፈር ዳቦ መጋገሪያዎች፣ መጋዘኖች፣ ረጃጅም የማደሪያ አዳራሾችና እጅግ ብዙ የከብት፣ የበግና የፍየል አጥንት አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ አንድ ፈረስ የተደበቀ የጡብ ግድግዳ አደናቅፎት ወደቀና፣ በግብፃዊው አርኪዮሎጂስት በዛሂ ሐዋስ የተመራው ቁፋሮ የሠራተኞቹን መቃብር አገኘ። አጽሞቹ የጀርባና የጉልበት መገጣጠሚያ ጉዳት፣ እንዲሁም ተሰብረው በትክክል የተጠገኑ አጥንቶች አሏቸው፤ የተጎዳ ሰው ይታከም ነበር ማለት ነው። ከፒራሚዱ ጥላ ሥር፣ ለወዲያኛው ዓለም የሚሆን ቢራና ዳቦ ተቀምጦላቸው ተቀብረዋል። የግሪኩ የታሪክ ጸሓፊ ሄሮዶቱስ 100,000 ሰዎች በሦስት ሦስት ወር ተራ ሠሩ ብሎ ቢጽፍም እርሱ የመጣው ከሥራው 2,100 ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ሌነርና ሐዋስ የሚገምቱት ከ20,000 እስከ 25,000 ነው።

ከንጉሡ ክፍል፣ ማለትም የኩፉ የድንጋይ ሣጥን ካለበት የውስጥ ክፍል፣ በላይ ከተደራረቡት ዝግ ክፍተቶች በላይኞቹ ውስጥ ደግሞ ጓዶቹ ራሳቸው በቀይ ቀለም የጻፏቸው ስሞች አሉ። በንጉሡ ስም እየተጠሩ «የኩፉ ወዳጆች» ዓይነት መጠሪያ ነበራቸው። ክፍተቶቹ ከታነጹ በኋላ ማንም ሊገባባቸው የማይችል፣ እ.ኤ.አ. በ1837 በባሩድ ተቦርቡረው የተከፈቱ ስለሆኑ እነዚህ ጽሑፎች ድንጋዩ ሲቀመጥ የተጻፉ ናቸው።

ስለ ጉተታው አንድ ሥዕል አለን። ከፒራሚዱ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ በኋላ በነበረው ጀሁቲሆቴፕ በተባለ ባለ ሥልጣን መቃብር ግድግዳ ላይ 172 ሰዎች በአራት ረድፍ አንድ ግዙፍ ሐውልት በመንሸራተቻ ሲጎትቱ፣ አንድ ሰው ደግሞ ፊት ለፊት ቆሞ አሸዋው ላይ ውኃ ሲያፈስ ይታያል። ውኃው ለሥርዓተ አምልኮ የሚፈስ ነው ሲባል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተመራማሪዎች በልክ የራሰ አሸዋ የመጎተቻውን ኃይል በግማሽ እንደሚቀንስ በሙከራ አሳዩ። ከዚያም በ2018 ሐትኑብ በተባለው የአልባስጥሮስ ካባ ውስጥ በኩፉ ዘመን የተሠራ ራምፕ ተገኘ። ዳገቱ ከ20 በመቶ በላይ ነው፤ በግራና በቀኙ ደረጃዎችና ወፍራም ምሰሶ የተተከለባቸው ጉድጓዶች አሉ። ገመዱን በምሰሶው ዙሪያ እየጠመዘዙ፣ ከፊሉ ሰው ከላይ ከፊሉ ከታች እየሳበ፣ ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ያወጡ ነበር ማለት ነው።


መልስ፦ መምህር ዘደሴ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሆሪን ጥያቄ ከሒሳብ መምህሩ ጋር ሆነን ለክፍሉ ልናቀርበው ተስማምተናል።

ሦስት ነገሮች ግን ቀርተውኛል። የኮንክሪቱ መላምት ምን ያህል ይታመናል? ተማሪዎቼ የጠቀሱትን የዘፀአትን ታሪክስ ሃይማኖታቸውን ሳልነካ በምን ቋንቋ ላስረዳ? በመጨረሻም «በፒራሚዱ ውስጥ ባዶ ክፍል ተገኘ» የሚለው ዜና ከአሠራሩ ጋር ምን ያገናኘዋል?


መልስ፦ ድንጋይ ጠራቢ

የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልሞክረው። ድንጋይ በመጥረብ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ አባቴም በዚሁ ሙያ ነበር።

መላምቱ የፈረንሳዊው ኬሚስት የጆሴፍ ዳቪዶቪትስ ነው። የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ ከማያያዣ ጋር ተቦክቶ በሣንቃ ቅርጽ ውስጥ ተሞላ ይላል። እኔ ፎቶዎቹን አተኩሬ ስመለከት የማየው ሌላ ነው። ድንጋዮቹ በመጠን አይመሳሰሉም፤ በቅርጽ የሚሞላ ሰው ደግሞ ቅርጹን ደጋግሞ ስለሚጠቀምበት አንድ ዓይነት መጠን ያወጣል። በጊዛ ድንጋይ ውስጥ ሳንቲም የሚያህሉ የባሕር ፍጡራን ቅሪቶች ሳይፈጩ ሙሉ ሆነው ይታያሉ፤ የአለቱ ንብርብርም ካባው ውስጥ እንዳለው ነው። ከሁሉ በላይ ካባው ራሱ ከፒራሚዱ በስተደቡብ ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ አፉን ከፍቶ ይታያል፤ ድንጋይ እየተለየ የወጣባቸው ቦዮች እስካሁን አልጠፉም። የንጉሡ ክፍል የተሠራበትን ጠንካራ ድንጋይ፣ ግራናይቱንማ፣ በማንኛውም መንገድ አቡክቶ መሥራት አይቻልም።

«በመዳብ ድንጋይ አይጠረብም» የሚል ሰው የኖራ ድንጋይን አልጠረበም። ከካባ እንደ ወጣ፣ እርጥበቱ ሳይለቀው፣ የኖራ ድንጋይ ለስላሳ ነው፤ ከወራት በኋላ ነው የሚጠነክረው። የመዳብ መሮ ቶሎ ይደንዛል፤ ስለዚህ ከጠራቢዎቹ ጎን ሥራቸው መሳል ብቻ የሆነ ሰዎች መኖር አለባቸው። የኩፉ ሰዎች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሲና የሄዱት ለዚሁ መዳብ ነበር። ግራናይት ሲሆን ዘዴው ይለወጣል፤ ዶለራይት በተባለ ከግራናይት በሚጠነክር ድንቡልቡል ድንጋይ እየወቀጡ ይፈረፍሩታል፤ መቁረጥ ሲያስፈልግ ጥርስ የሌለው የመዳብ መጋዝ ከኳርትዝ አሸዋ ጋር ይጠቀማሉ። የሚቆርጠው አሸዋው ነው፣ መዳቡ አሸዋውን ይዞ ይመላለሳል እንጂ። እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ፍሊንደርስ ፒትሪ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ፒራሚዱን ሲለካ በኩፉ የግራናይት ሣጥን ላይ የመጋዙን ምልክት አይቷል።

ደግሞም ሁሉም ድንጋይ እንደ ውጪው ልባስ በጥንቃቄ አልተጠረበም። ጎብኚዎች ዛሬ በሚገቡበት በመካከለኛው ዘመን በተፈለፈለው መተላለፊያ ውስጥ የሚታየው የውስጥ ድንጋይ ሸካራ ነው፤ ክፍተቱ በስብርባሪና በጄሶ ማልታ ተሞልቷል። ይህም ለልጅቱ ስሌት ትልቅ ነገር ነው፤ በፀጉር ልክ የተገጠመው የሚታየው ገጽ ብቻ ነው።


መልስ፦ ከጊዛ ማዶ

መምህር፣ የዘፀአቱ ጥያቄ የሚመለሰው መጽሐፉን በጥንቃቄ በማንበብ ነው። ምዕራፍ አንድ ላይ እስራኤላውያን ሠሩ የተባለው ፊቶምና ራምሴ የተባሉ ከተሞችን ነው፤ ሥራውም የጭቃና የጡብ ሥራ እንደሆነ ተጽፏል። ስለ ፒራሚድ አንድ ቃል የለም። ራምሴ የሚለው ስምም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው መቶ ዘመን ወደ ነገሡት ራምሴሳውያን ይመራናል፤ የኩፉ ፒራሚድ በዚያን ጊዜ ከ1,200 ዓመት በላይ ዕድሜ ነበረው። እስራኤላውያን ፒራሚድ ሠሩ የሚለውን የጻፈው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሓፊ ፍላቪዩስ ዮሴፉስ በአንደኛው መቶ ዘመን ነው። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ ክርስቲያኖች ደግሞ ፒራሚዶቹን የዮሴፍ ጎተራዎች ይሏቸው ነበር። ስለዚህ ተማሪዎችዎ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አይጋጩም፤ የሚለያዩት ከጊዜ በኋላ ከተጨመረው ጋር ነው።

የባዶ ክፍሉ ዜና እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የግብፅ፣ የጃፓንና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ሙዮን የተባሉትን ከሰማይ የሚወርዱ ረቂቅ ቅንጣቶች በመቁጠር ፒራሚዱን እንደ ራጅ ያነሡታል፤ ቅንጣቶቹ በድንጋይ ውስጥ ይቀንሳሉ፣ በባዶ ውስጥ ግን በብዛት ያልፋሉ። በ2017 ወደ ንጉሡ ክፍል ከሚያወጣው ከታላቁ መተላለፊያ በላይ ቢያንስ 30 ሜትር የሚረዝም ባዶ ቦታ መኖሩ ታወጀ፤ በ2023 ደግሞ በሰሜን ገጽ ከመግቢያው በላይ 9 ሜትር የሚረዝም ኮሪደር በቀጭን ካሜራ ታየ።

ከአሠራር ጋር የሚያገናኘው የፈረንሳዊው አርክቴክት የዣን-ፒየር ኡዳን መላምት ነው። እርሱ ለታችኛው ክፍል የውጭ ራምፕ፣ ለላይኛው ግን ከገጹ ጥቂት ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ እየዞረ የሚወጣ የውስጥ ራምፕ ነበረ ይላል። ሐሳቡ ውብ ነው፤ ማዕዘኖቹም ሳይሸፈኑ ይቀራሉ። ነገር ግን የተገኘው ትልቅ ባዶ ቦታ ከታላቁ መተላለፊያ በላይ፣ በፒራሚዱ መካከል እንጂ የኡዳን ራምፕ በሚፈልገው በአራቱ ገጾች ዙሪያ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ውጭ ራምፕ «ያ ሁሉ ቁስ የት ሄደ?» የሚሉ አሉ። ካባው ሲቆፈር በኖራ ድንጋይ ስብርባሪ፣ በጄሶና በሸክላ አፈር ተሞልቶ ነው የተገኘው። ራምፕ ሲፈርስ የሚገኘው ይኸው ነው።


መልስ፦ መምህር ዘደሴ

ትምህርቱን ዛሬ ሰጠሁ። የይዘቱን ስሌት ልጆቹ ራሳቸው ሠርተው «ግማሹ 30 ሜትር ላይ ያልቃል» የሚለውን ሲያገኙ ክፍሉ ጸጥ አለ። ያቺው ተማሪ ግን አሁንም ጥያቄ አላት፦ «2.5 ቶኑስ ይሁን፤ የንጉሡ ክፍል ጣሪያ የግራናይት ሠረገላዎች፣ ማለትም አግዳሚ ድንጋዮች፣ ከ25 ቶን እስከ 80 ቶን ይመዝናሉ ይባላል፤ እነርሱስ?»


መልስ፦ የግንባታው ሰው

ከባዱን ነጥብ ነካችው። እነዚያ ሠረገላዎች ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከሚገኘው ከአስዋን በናይል ወርደው የመጡ ናቸው፤ የክፍሉ ወለል ከመሬት 43 ሜትር፣ ጣሪያው 49 ሜትር ያህል ላይ ነው፤ ከዚያም በላይ ሌሎች ሠረገላዎች ተደራርበዋል።

ለ60 ቶን እናስላ። በጀሁቲሆቴፕ ሥዕል እንደሚታየው መንገዱ ከራሰ ፍትጊያው ወደ 0.15 ይወርዳል፤ ለዚህ 9 ቶን፣ ለ8 በመቶው ዳገት 4.8 ቶን፣ በድምሩ 13.8 ቶን የመሳብ ኃይል ያስፈልጋል። በሰው 40 ኪሎ ግራም ሲታሰብ 345 ሰው ይሆናል። በአራት ገመድ ቢከፈሉ በአንድ ገመድ 86 ሰው ነው፤ በሥዕሉ ላይ በእያንዳንዱ ረድፍ ከተሰለፉት እጥፍ ማለት ነው። በገመዱ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቢቆሙ ሰልፉ 43 ጥንድ ይሆናል፤ በየሜትሩ አንድ ጥንድ ቢቆም 43 ሜትር ይረዝማል።

ቀጥ ያለ ራምፕ ለታችኛው ክፍል የግድ ነው የምለውም በዚህ ምክንያት ነው። ባለ 43 ሜትር ሰልፍ 60 ቶን እየጎተተ በጠባብ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ማዕዘን ሊታጠፍ አይችልም። የንጉሡ ክፍል ወለል ሲደረስ የፒራሚዱ ይዘት 65 በመቶ ያህሉ ተሠርቶ ነበር፤ ስለዚህ ግራናይቱ የሚወጣበት ሰፊ ራምፕ ቀድሞውኑ ለኖራ ድንጋዩ ተሠርቶ ቆሟል። ከዚያ ከፍታ በላይ ለተደራረቡት ሠረገላዎች ራምፑ ይበልጥ መርዘም ወይም ይበልጥ ዳገታማ መሆን አለበት፤ እኅታችን ከጊዛ ማዶ የጠቀሱት የሐትኑብ ምሰሶ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ጎታቾቹ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን፣ ገመዱ በምሰሶው ዞሮ፣ ከፊሎቹ ቁልቁል እየወረዱ በክብደታቸውም ጭምር ስለሚስቡ፣ በአጭርና በዳገታማ ራምፕ ላይ ያንኑ ሥራ መሥራት ይቻላል። ከቻሉ ክፍል ውስጥ በእርሳስ፣ በገመድና በአንድ ጡብ አሳይተው ያስሞክሯት።